የስልቻው ታንኳ ጠፍር

አምበር፣ መስከረም 20 ቀን 1931

ውድ አንሙት፣

ይህ ወረቀት ሲደርስህ እግርህ ገና ደረቅ ከሆነ እሰየው። ዓባይ እንዳትገባ! መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብብ፤ ከዚያ እንደፈለግህ ስደበኝ።

ፊደል ያስቆጠርሁህ እኔ ነኝ፣ «ማንበብ ከበደኝ» ብለህ አታመካኝ። ከዲማ ቅኔ ቤት ከመምህሩ ጋር ተጣልቼ ስመጣ፣ ሰው ሁሉ «የተባረረው» ሲለኝ በስሜ የጠራኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ብረት ቀጥቃጩ አያ ወልደ ሰንበት ቤትም ያስገባኸኝ አንተ ነህ። እሑድ ሥራ ስለማይሠራ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም በትርፍ ጊዜያችን የጀመርነውን ይዘን እዚያ እንሰበሰብ ነበር። ሕጉን ግን ከቅኔ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ፦ የጓደኛውን ሥራ ያየ ሰው አንድ ጉድለት ሳይናገር አይወጣም።

ወናፌን ታስታውሳለህ? ቀጥቃጩ ሁለት እጁ ነፃ እንዲሆን ብዬ በእግር የሚረገጥ ወናፍ ሠራሁ። አምስት ወር ፈጀብኝ። ስረግጠው ነፋሱ በጎን ወጣ። ከጣሊያን የሥጋ ጣሳ ኩራዝ የምትሠራዋ ሥራነሽ ምን አለች?

«እንዳላማው፣ ይኸ ወናፍ ነው ወይስ ሳል የያዘው በግ?»

ሁሉም ሳቀ። አንተም ሳቅህ። አንተ ስትስቅ ነው የከፋኝ።

ከዚያ አንተ ስምንት ስልቻ ነፍተህ፣ ከቀርከሃ ርብራብ ሥር በጥሬ ቆዳ ጠፍር አስረህ መጣህ። ሦስት አርበኛ ከነጠመንጃው ዓባይን የሚያሻግር ታንኳ! ሳየው ቀናሁ። ዲማ ብራና ስፍቅና ስወጥር የኖርሁት እኔ፣ ቆዳ የማውቀው እኔ፣ እንዴት አላሰብሁትም? አያ ወልደ ሰንበት ተነስተው ግንባርህን ሳሙህ። «ልጄ» አሉህ። እኔን እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንተ የዲማው» ነው የሚሉኝ።

እዚሁ መንደራችን ወንዝ ወርደን ሞከርነው። ሄድህ፣ ተመለስህ። ሥራነሽ እልል ልትል ስትል አያ ወልደ ሰንበት «ዝም በይ፣ ባንዳ ልትጠሪብን ነው!» ብለው አፏን ያዙ። ሁላችሁም በሳቅ ስትፈርሱ እኔ ታንኳው ሥር ነበርሁ። አውራ ጣቴን ጠፍሩ ሥር ሰደድሁት፤ ገባ። ጠዋት ምላጭ አያስገባም ነበር።

አንሙት፣ ጠፍር የሚጠብቀው ሲደርቅ ነው። አልጋውንም ሞፈሩንም በእርጥቡ አስረን ስለምናደርቀው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ የሚጠነክር ይመስለናል። ውሃ ውስጥ ከቆየ ግን እንደ አንጀት ይለሰልሳል። እዚህ የዳንኸው ወንዟ ትንሽ ስለሆነች ነው። ዓባይ መሀል ስልቻዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ።

«እንዳላማው፣ ያንተ ተራ ነው» አሉ አያ ወልደ ሰንበት።

«ጉድለት የለውም» አልሁ።

«ወይ ጉድ! የእንዳላማው ምላስ ዛሬ ጾመ?» አለች ሥራነሽ።

አንተ ደግሞ መጥተህ አቀፍኸኝ። «ከሁሉም የፈራሁት አንተን ነበር» አልኸኝ። ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርሁም።

ልገድልህ አይደለም፤ ማርያምን! እዚሁ ደጋግመህ ትሞክረዋለህ፣ ይፈታል፣ ይሳቅብሃል ብዬ ነው። አንዴ ብቻ እንደኔ ይሳቅብህ ብዬ። ማግስቱን ስመጣ የለህም። አርበኞቹ ዓባይን እንድታሻግራቸው ከነታንኳህ ወስደውሃል።

ዛሬ ጠዋት ለአያ ወልደ ሰንበት ሁሉንም ነገርኋቸው። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከግድግዳው ውሃ የማያላላውን የቃጫ ገመድ አውርደው ሰጡኝ። ጥፊው ይሻለኝ ነበር።

ይህን ወረቀት ከገመዱና ከሚቀባው ሰም ጋር የሚያመጣልህ የጉንደ ወይኑ ነጋዴ አብዱልዋሂድ ነው። በቅሎም የይለፍ ወረቀትም ስላለው ይቀድመኛል። እኔ በእግሬ እየተከተልሁት ነው። ካላመንኸኝ ጠፍሩን ግማሽ ቀን ዘፍዝፈህ ሳበው። የአርበኞቹ አለቆች እኔን አንጠብቅም ካሉ፣ ጠፍሩን ሁሉ ቆርጠህ ጣለውና በቃጫው እሰረው፤ ቃጫውን ሰም ቀባው። ከጠበቁ ግን አትንካው፣ እኔ ልሰረው።

አሁንም እቀናብሃለሁ፣ አልዋሽህም። መንገዱን ሙሉ «ለምን እኔ አላሰብሁትም» እያልሁ ነው የምመጣው። ግን አንተ ከሌለህ በማን ልቀና ነው?

ወረቀቱን አንብበህ አቃጥለው። ስደርስ ታንኳውን አስሬ መጀመሪያ ብቻዬን እሻገርበታለሁ። ያሰርሁት ከላላ የምሰጥመው እኔ ልሁን።

እስክደርስ ከውሃው ራቅ፣

ቀናተኛው ጓደኛህ
እንዳላማው