ሁለት ሆኖ የታየው ኳዛር

ጅማ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ደክሞኛል። ትናንት ከመጽሔት ያነበብኩትን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተማርኩ፤ እጅግ ሩቅ ያለ አንድ ኳዛር፣ ኮከብ የሚመስል ደማቅ የጋላክሲ እምብርት፣ በእኛና በእርሱ መካከል ያለ ሌላ ጋላክሲ በስበቱ ብርሃኑን ስለሚያጎብጠው፣ ለእኛ ሁለት ሆኖ ይታያል። ዛሬ የትምህርት ቤቱ ካድሬ አስጠራኝ።

«ጓድ መምህር፣ ይህ በመርሐ ትምህርቱ አለ?»

«የለም።»

«የኢምፔሪያሊስት ወሬ ነው። ግለሂስ ጻፍ!»

የምከራከርበት ጉልበት አጣሁ። ስህተት ነበር ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ስወጣ የተማሪዬ የዘይነባ አባት፣ የጅሬኑ ልብስ ሰፊ፣ መንገድ ላይ አገኙኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መምህር፣ ልጄ ነግራን ቤተሰቡ ሁሉ ሰማይ ስናይ አመሸን፣ ወላሂ! ዱጋዳ? እውነት ነው አይደል?»

«እውነት ነው» አልኳቸው።

ነገ ዘይነባ ክፍል ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ይህንኑ ብትጠይቀኝስ?