ቀምሳለች

ጥቅምት 8

የጠዋት ቆጠራ፦ ምስር አራት ጆንያ፣ ሩዝ ዘጠኝ፣ ባቄላ ሁለት ተኩል፣ በቆሎ አንድ (አይጥ የቀደደው ለብቻ ተቀምጧል)።

ሱቁን ለጎረቤቴ ለባለ ዘይቱ አደራ ሰጥቼ ከአማቴ ጋር ልጄን ቅንጣትን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ስድስት ወር ሞላት። ነርሷ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት። አምስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ካርዱ ላይ ያለፈው ወር ነጥብና የዛሬው ነጥብ ጎን ለጎን ሆኑ። መስመሩ መውጣት ሲገባው ተኝቷል።

«ከእንግዲህ ጡት ብቻውን አይበቃትም። ምግብ ጀምሩላት» አለች ነርሷ። «አንገቷ ጸንቷል፣ ደገፍ ስትደረግ ትቀመጣለች፣ የምትጎርሱትን በዓይኗ ትከተላለች። ደርሳለች። ጡቱም እንዳይቋረጥ።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የዛሬ ወር ካልጨመረች ወደ ሆስፒታል እልካታለሁ። ሌላ ነገር ካለ ይታይ።»

ሌላ ነገር... ምን ሌላ ነገር? አልጠየቅሁም። መስማት ስላልፈለግሁ ይሆን?

መንገድ ላይ አማቴ፦ «በእኛ ጊዜ በሦስት ወራቸው ነበር የምናስጀምራቸው። ልጄን አታዪውም? ምን ሆነ?»

ልጃቸው ባለቤቴ ነው። የጭነት መኪና ይነዳል፣ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እውነት ነው፣ ምንም አልሆነም። ካልሲውን ማግኘት ያቅተዋል እንጂ።

ጥቅምት 9

አዲስ እህል ሲመጣ ናሙናውን ሳላይ ጆንያ አላስወርድም። ለቅንጣትም እንደዚያው። አንድ ዓይነት፣ በትንሹ፣ ሁለት ሦስት ቀን አይቶ ወደ ሌላው። ነርሷ ያለችውም ይህንኑ ነው፤ ሽፍታ ቢወጣባት ከየትኛው እንደሆነ እንድናውቅ። ጨው የለም፣ ስኳር የለም። ማር ዓመት ሳይሞላት በጭራሽ።

ድንች ቀቅዬ አደቀቅሁ። በጡቴ ወተት አላላሁት።

«ቀጠን አድርጊው እንጂ፣ ያንቃታል» አሉ አማቴ።

«ከማንኪያ የሚንጠባጠብ እንዳይሆን ብላለች እኮ እማዬ። ውሃ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም ብላለች።»

«ብላለች፣ ብላለች... ነርስ አገባሽ እንዴ?»

የመጀመሪያውን ማንኪያ በምላሷ ገፋችው። ሁለተኛው አገጯ ላይ ቀረ። ሦስተኛው ገባ። ፊቷን ያጨማደደችው አጨማደድ! ደረቅ ነው የተባለ ባቄላ ነክሶ እርጥብ ያገኘ ደላላ ነው የመሰለችኝ። ከዚያ አፏን እንደገና ከፈተች።

ተሸጠ።

ጥቅምት 13

ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ቀን ሱቅ ነኝ። ቀን ቀን ቅንጣት ከአማቴ ጋር ትውላለች። ድንችና ካሮት ተስማምቷታል፣ ሽፍታ የለም። ምስርም እንዲጀምሩላት ከሱቅ ምርጡን ለቅሜ ላክሁ። ደም ይሆናታል ብላለች ነርሷ። (አማቴ እውነታቸውን ነው፣ «ብላለች» አበዛሁ።)

ጥቅምት 14

አንድ ደላላ የምስር ናሙና ይዞ መጣ። «እንደ አጥንት የደረቀ ነው» ይላል። ቀመስኩት። አንዲቱን ፍሬ በፊት ጥርሴ ነክሼ ተፋኋት። ተጨፈለቀች እንጂ አልተሰበረችም። እርጥብ ነው። «አጥንቱን ለውሻ ስጥልኝ» ብዬ መለስኩት።

ማታ ቤት ስደርስ አማቴን ጠየቅኋቸው።

«ምሳዋን በላች?»

«ቀምሳለች።»

ቀምሳለች... ቀኑን ሙሉ ቀምሳ ብቻ? ድንቹን አሙቄ ተቀመጥሁ። ከንፈሯን ገጠመች። በቀኝ ሳመጣ ፊቷን ወደ ግራ፣ በግራ ሳመጣ ወደ ቀኝ። ጡቱን ግን ጠባች።

ጥቅምት 18

ዛሬም «ቀምሳለች»። ዛሬም ማታ ከንፈሯ እንደ ተሰፋ ጆንያ ሆነ። አቮካዶ ሞከርሁ። አንዷ ያልደቀቀች ቁራጭ አምልጣኝ ገባችና ቋቅ አላት። ፊቷ ቀላ። አማቴ ጮኸው ጀርባዋን ሊመቱ እጃቸውን አነሡ። ያዝኋቸው። እየሳለች ነበር። «ድምፅ ካላት አየር አላት፣ ራሷ ታወጣዋለች። ዝም ካለች ነው የምትደርሱላት» ተብለናል። አወጣችው። እጄ ላይ ተፋችውና ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። የቀረውን አቮካዶ ደግሜ ደቆስሁት።

ጥቅምት 23

ባለ ዘይቱ ፊቴን አይቶ «ምን ነካሽ፣ ዋጋ ወረደ?» አለኝ። ነገርሁት።

«ማር አልሽላት!»

«ማር ክልክል ነው።»

«እንግዲያው ዘፈን። የእኔ ሁለተኛዋ ዘፈን ካልሰማች አፏን አትከፍትም ነበር።»

ማታ ዘፈንሁላት። ቅንጣት አፏን ዘግታ በጥሞና አዳመጠችኝ። አማቴ ከወጥ ቤት፦ «ምነው፣ ልጅቷን ልታስፈራሪያት ነው?» ቀጥለው ደግሞ፦ «ተያት በቃ። ቀምሳለች አልኩሽ እኮ!»

መቅመስ ያሳድጋል እንዴ? ትልቅ ሴት ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ተሸክመዋት ይውላሉ። ምን ብዬ ልናገር?

ጥቅምት 27

አላስቻለኝም። አማቴ ሱቅ ይዘዋት ሲመጡ አንሥቼ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኋት። ንጹሕ ጨርቅ አንጥፌ ነው፣ ግን አስቀመጥኋት። በእግሯ ስትራገጥ መርፌው ከአምስት ወደ ስምንት፣ ከስምንት ወደ አራት ይዘላል።

ባለ ዘይቱ በሩ ላይ ቆሞ፦ «ኪሎዋ ስንት ነው? ምርቃት አለው?»

«ዞር በል ከዚህ!»

አማቴ ነጠቁኝ። «ልጅ በእህል ሚዛን! ኧረ ጉድ ነው።»

ይህ ሚዛን የሚያውቀው ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር ነው። ሃያ ዓመት አምኜዋለሁ፣ ዛሬ ግን ምንም አልነገረኝም።

ጥቅምት 29

አቅራቢዬ ደወለ። አዲሱ ምስር ደርሷል። በየዓመቱ ራሴ ሄጄ፣ ሁለት ሌሊት አድሬ፣ በእጄ ለይቼ ነው የምገዛው። ሱቁን ያቆመው ያ ነው።

«ዘንድሮ አልመጣም» አልሁት።

«ታመምሽ?»

«አይ።»

«ታዲያ?»

ምን ልበለው? የማትበላ ልጅ ጥዬ አልሄድም። ሆስፒታል ከላኳት ደግሞ የሱቁም ነገር ያበቃል። ባለቤቴም በስልክ «አንቺ ያልሽው ይሁን» አለ። እኔ ያልሁት! እኔ ምን አውቄ?

ኅዳር 2

ዛሬ አልገፋሁም። ደንበኛ ሲገፉት ይሸሻል፤ እህሉን በእጁ ይዝገን፣ ያገላብጠው፣ ያሽትተው ነው የንግዱ ሕግ። የተቀቀለ ዱባ ሰጥቻት ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ጨበጠችው። በጣቶቿ መሃል አስወጣችው። ፀጉሯን ቀባች። የእኔንም ቀባች። ደስ ብሏታል። ወደ አፏ ግን አንዴም አልወሰደችውም።

ገበያ አይታ፣ ተጫውታ፣ ሳትገዛ ሄደች።

ኅዳር 5

ዛሬም ዘጋችው።

ኅዳር 8

ጤና ጣቢያ።

ወረፋ ያዝን። አማቴ አጠገባቸው ላለችው ሴት ስለ ወገባቸው ሲነግሯት ቆዩ። ተጠራን። ልብሷን አወለቅሁላት።

ነርሷ ሚዛኑን አየች። ካርዱን አየች። እንደገና ሚዛኑን አየች።

ምንድን ነው? ንገሪኝ በቃ...

«ስድስት ኪሎ ከአራት መቶ።»

«ስንት?»

«ግማሽ ኪሎ ጨምራለች። ጎበዝ! ምን እያበላችኋት ነው?»

«ምንም» አልሁ። እውነቴን ነው። ከአፌ የወጣው ያ ብቻ ነው።

አማቴ ዞረው አዩኝ። «ምንም? ምንም?! ጠዋት ድንች በምስር አይደለም እንዴ? ቀትር ላይ ዱባ በሩዝ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ? አሥር ሰዓት ላይ ሙዝ? ሳህኑን እስክትልስ ድረስ! ምንም ትላለች፣ ሰው ፊት!»

«እማዬ፣ ማታ ማታ ስጠይቅዎት "ቀምሳለች" ነው የሚሉኝ!»

«ቀምሳለቻ! እህል ቀምሳለች! ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«በላች፣ ጠገበች!»

«አፍሽን ያዢ! ስለ ሕፃን እንደዚያ ይባላል? ለዓይን ላጋልጣት? ቀምሳለች ነው የሚባለው። እናቴም እንደዚያ ነበር የምትለው።»

ነርሷ ካርዱን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። እኔ ዘንድ መቅመስ ማለት አንዲት ፍሬ ነክሶ መትፋት ነው። እሳቸው ዘንድ ሳህን ልሶ ማደር።

ያቺ ልጅ ለካ ጠግባ ነው አፏን የምትዘጋው! ማታ ማታ በሰላም ልትጠባና ልትተኛ ስትል ድንች ይዤ የማሳድዳት እኔ። ማንኛውም ነጋዴ «ስንት?» ብሎ ይጠይቃል። ደላላ ሲያወራኝ ስንት ኩንታል፣ ከየት፣ መቼ የታጨደ እላለሁ። ቤቴ ገብቼ «ስንት ማንኪያ?» አላልሁም። አንድ ቀን እንኳ!

«አፏን ስትዘጋ ማመን ነው» አለች ነርሷ። «ስትፈልግ ትከፍታለች፣ ስትጠግብ ትዘጋለች። ከእናንተ የሚጠበቀው ማቅረብ ነው።» እንቁላልም በደንብ ተቀቅሎ እንዲጀመርላት ነገረችን። ለመጀመሪያ ቀን ትንሽ፣ ጠዋት፣ ቀኑን ሙሉ እንድናያት።

ስንወጣ አማቴ እየሄዱ ያጉረመርማሉ፦ «ምንም ትላለች... ወገቤ እስኪቆረጥ...» ክንዳቸውን ያዝሁ። ክንዳቸውን ይዤ መሄድ አልለመደብኝም። ጥቂት እንደሄድን፦ «ዘፈኑን ግን ተይው ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ ሱቅ። አንዲት ሴት ግማሽ ኪሎ ምስር አለችኝ። መዘንሁላት። ሚዛኑ ላይ እንዳለ ቆሜ አየሁት። ግማሽ ኪሎ። በሕይወቴ ስንት ጊዜ በዚህ እጄ አንሥቼ ሰጥቻለሁ? ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ዛሬ ገና አየሁ።

ሴትዮዋ «ምርቃትስ?» አለች። ሁለት እፍኝ ጨመርሁላት። ባለ ዘይቱ ከደጁ ሆኖ «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» ሲል ሰማሁት።

ኅዳር 9

አዲስ ስምምነት። አማቴ «ጠገበች» አይሉም፤ ይህ አይነካም። ስለዚህ ትንሽ ከበላች «ቀምሳለች»፣ ደህና ከበላች «ደህና ቀምሳለች»፣ ሳህን ከላሰች ሳህኑን ደፍተው ያስቀምጡልኛል። ማታ የእኔ ድርሻ ጡት ብቻ። ማንኪያው የእኔ የሚሆነው ጠዋት፣ ሱቅ ሳልከፍት ነው።

ዛሬ ጠዋት ሞከርሁ። ማንኪያውን ከፊቷ ይዤ ቆየሁ። ራሷ ጎንበስ አለችና አፏን ከፈተች። እጄን ይዛ ሳበችው! አራት ማንኪያ፣ አምስት... ከዚያ ከንፈሯን ገጠመች። ማንኪያውን አስቀመጥሁ። አየችኝ። የምጨቀጭቃት መስሏት ይሆን? አልጨቀጨቅኋትም።

ለአቅራቢዬ ደወልሁ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። «ዳንሽ?» አለኝ። «ድሮም አልታመምሁም» አልሁት።

ባለቤቴ በስልክ «እኔ እኮ ብያለሁ» አለ። ምን እንዳለ አላስታውስም፣ እሱም አያስታውስም።

ማታ ስገባ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ቅንጣትን ተቀብዬ ጡቴን ሰጠኋት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእኛው በማንኪያ ነው የሚሄደው።

ነገ ጠዋት፦ እንቁላል ለቤት፣ የጆንያ መስፊያ ክር ለሱቅ።