ወንድሜን ያስማሉበት ቦታ

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 4, 1995

ዮናስ ሽማግሌዎቹ ፊት ምሎ እንደ ጨረሰ «ሲጋራ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። አልተመለሰም።

ወንድሜ ሄሮይን ከተወ ሰባት ወሩ ነው። በየጠዋቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ የሄሮይኑን ጥማት የሚያስታግሰውን መድኃኒት፣ ሜታዶኑን፣ ይጠጣል፤ ከሰፈራችን ከዞሰንሃይም ብዙም አይወጣም። እማዬ ግን «ሜታዶኑም ያው ሱስ ነው፤ በሽማግሌ ፊት ይማልና ይተወው» አለች። ቦታውን የመረጡት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ተክሌ ናቸው። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት! ድሮ ሄሮይን የሚገዛበት መንገድ ላይ!

ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ይሁን። አንጎሉ ያንን መንገድ ተምሮታል። ገና ሲያየው፣ ዕፁን ሳይቀምስ፣ ዶፓሚን የሚሉት የአንጎል ኬሚካል ይነሳበታል፤ ጥማቱ የሚመጣው ያኔ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ የዩኒቨርሲቲሽ አይጥ መሰለሽ?»

ሁሉም ሳቁ። ዮናስም ሳቀ።

እሑድ፣ 5

የለም። ፖሊስ ጋ ደወልኩ። ሐኪሙ ቤት ማንም አያነሳም። ጓደኛው አላየውም። ሜታዶኑ ላይ ሄሮይን ከጨመረበት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ይህን ለእማዬ መንገር አልነበረብኝም።

«አንቺ ነሽ ያሟረትሽበት» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲያወሩ ሰምታ የመጣችው ነው። ሦስት ዓመት ስለ አንጎል የተማርኩት ሟርት ሆነ።

ሰኞ፣ 6

ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ቀረሁ። አራት ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ተደወለ። ጠዋት ጣቢያው ሥር፣ ሄሮይን ወስዶ ትንፋሹ ቆሞ ወድቆ አግኝተውታል። በሕይወት አለ። አለ!

ሆስፒታል ሄድኩ። ከንፈሩ ደርቋል። «ስምል እጄን ያላበኝ ስለ መሐላው አልነበረም» አለኝ። «በመስኮቱ ያቺ የምገዛባት ጥግ ትታየኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሳቅክብኝ?»

«ሁሉም ሲስቁ ምን ላድርግ?»

ማክሰኞ፣ 7

እማዬና ጋሽ ተክሌ ሆስፒታል መጡ። ሊያስምሉት! አሁንማ ቄስ ፊት፣ ሄሮይኑንም ሜታዶኑንም እንዲተው። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዘወር በይ።»

«አልልም፣ ጋሼ። ትናንት ሞቶ ነበር።»

እማዬ አለቀሰች። ዮናስ ግድግዳውን እያየ «ሜታዶኑን እቀጥላለሁ» አለ። ድምፁ ደካማ ነበር። ይዘልቅበት እንደሆነ አላውቅም።

የማውቀው ይህን ነው። ከእንግዲህ የታመመ ወንድሜን ማንም አያስምለውም። የበሽታውን ስም ስለጠራሁ አሟረትሽ መባልንም አልቀበልም። ከእናቴም ቢሆን።