ደረጃው ላይ የተቀመጠችው አማካሪ

ወዳጄ ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ፖስትካርዷ ጠባብ ናትና ያየሁትን አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። እዚህ ከተማ በእንግድነት የተቀበለችኝ የአክስቴ ልጅ ሥራዋ በየቤቱ እየዞረች ጭንቀት የያዛቸውን ሰዎች ማማከር ነው። ትናንት ተከትያት ሄድኩ።

አንድ የአውቶቡስ ሾፌር አደጋ ከደረሰበት ወዲህ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። ስናንኳኳ «እዚህ እብድ የለም» አለ ከውስጥ። እሷም «እብድ ፍለጋ አልመጣሁም፤ ደረጃው አድክሞኛል፣ ትንሽ ልረፍ» ብላ እዚያው ዘፍ አለች። እኛ ሰፈር ቢሆን በሩን እየደበደብን «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ» እንል ነበር። ቆይቶ በሩ ገርበብ ብሎ አንድ ወንበር ወጣ።

«ሲሚንቶው ይበርድሻል» አላት። ከዚያ እሱም የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ አልይዝ ስላለው ፍሬን ያወራ ጀመር።

ስንመለስ «ለምን ምንም አልጠየቅሽውም?» አልኳት።

«ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ወንድሜ ሲታመም ቤቱ በመካሪ ተሞልቶ አንድ ሰሚ አጣ። መርፌዬን አስቀምጬ ይህን ሙያ የተማርኩት ያኔ ነው።»

ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዝም ያሉትን አባትሽንም እስቲ ሳትመክሪያቸው አጠገባቸው ቁጭ በይ። ምን እንደሚሉሽ ለማወቅ ጓጉቻለሁ።