በንጽሕና ስለሚመለሱት የጥጥ ብርድ ልብሶች

ለክቡር ያዕቆብ ኢናያት ሳሂብ፣
የቤተ ክርስቲያናችን የብርድ ወራት በጎ አድራጎት ኮሚቴ ጸሐፊ፣
ላሆር።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ባለፈው እሑድ በሁለት ሹራብ ላይ ካፖርት ደርበው ማስታወቂያ ሲያነቡ ሁለት ጊዜ አስነጥሰዋልና ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል። ፈጣሪ ደረትዎን ከዚህ ጉም ይጠብቅልን፤ እርስዎ ቢታመሙ የብርድ ልብሱን መዝገብ ማን ይይዝልናል?

እኔ ዘሪና ባርካት ነኝ፤ ላለፉት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት ጎዳና ለሚያድሩ ወንድሞቻችን ብርድ ልብስ ከሚሰፉት ሴቶች አንዷ። ይህን ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የለጠፍኩት፣ በእጅዎ የሰጠኋቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች በሥራ ብዛትዎ ምክንያት ሳይከፈቱ እንደ ቀሩ ስላወቅሁ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አዳራሹ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። የገናው መድረክ እንዳይበላሽ በማለት፣ ሰው እንዳያድርበት እስከ የካቲት ድረስ ቆልፈውታልና፣ የካርቶን ኮከቦቹ አንድም ቀን ብርድ ሳይነካቸው ከርመዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥርዓቱ። ብርድ ልብሶቹ ለከርሞ እንዲሆኑ በመጋቢት መመለሳቸው የቆየ ልማዳችን ነው፤ እድፉን የምናጥበው ግን እኛ ሴቶቹ ነበርን፣ አማርረንም አናውቅም። አምና እርስዎ ግራሶ የነካውን አንዱን ብርድ ልብስ መሠዊያው ፊት ዘርግተው "የማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ሁላችንም እንደ አጎት ቻቻ የምንላቸው ፌሮዝ ከኋላ ተነሡና "የእኔ ነው ሳሂብ፤ ጋራዥ ደጃፍ ነው የማድረው" አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እርስዎም ስለ ንጽሕና ሩብ ሰዓት አስተማሩን፤ ዕድሜዎን ያርዝመው።

ፌሮዝ ማን እንደ ሆኑ መዝገብዎ አይነግርዎት ይሆናል። ጥጥ ነዳፊ ነበሩ። ማሽኑ መጥቶ ደጋናቸውን ሥራ ካስፈታው፣ የተከራዩት ክፍልም ከፈረሰ በኋላ ጎዳና ወጡ። እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ ጥቅምት ሲጠባ ግቢዬ እየመጡ ይነድፉልን ነበር፤ የዘንድሮውንም የስልሳ ብርድ ልብስ ጥጥ የነደፉት እርሳቸው ናቸው። ጢማቸው ላይ ብናኙ ተነስንሶ "ዘሪና ልጄ፣ ይሄን የለበሰ ሰው እኮ እስከ ፋሲካ አይነቃም!" እያሉ ያስቁን ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ መሐላው። ዘንድሮ በታኅሣሥ እያንዳንዱ ተቀባይ የተሰጠውን ያለ አንዳች እድፍ እንዲመልስ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ በመሠዊያው ፊት እንዲምል አደረጉ። ቻቻ ፌሮዝ ከሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማሉ። ቁጥር አርባ አንድ፣ በፕላስቲክ እንደ ታሸገ፣ ተሰጣቸው።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ለጸሎት ሳልፍ ጋራዡ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ብርድ ልብሱ ከነፕላስቲኩ ጉልበታቸው ላይ ነው። "ኧረ ቻቻ፣ ምነው ቢለብሱት?" አልኳቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ቢሆንም ሳቁ። "ተይኝ እስቲ ልጄ! መሬቱን አታይውም፣ ዘይት በዘይት ነው። የአምናው ውርደት ይበቃኛል። ዘንድሮ ሳሂብ ዓይኑ እስኪፈዝ ንጹሕ አድርጌ ነው የማስረክበው። ብርዱ ከጠናብኝ እከፍተዋለሁ።" ያን ፕላስቲክ በጥርሴም ቢሆን መቅደድ ነበረብኝ። ጸሎት እንዳይረፍድብኝ ብዬ አለፍኩ። ይህ የእኔ ኃጢአት ነው፤ እንካፈለው አልልዎትም፣ የእርስዎ ለብቻው ይበቃዎታል።

ቅዳሜ ሲነጋ ሞተው ያገኛቸው ወተት አመላላሹ ነው። ቁጥር አርባ አንድን በሁለት እጃቸው አቅፈውት ነበር፤ ክንዳቸውን ለማላቀቅ ሁለት ሰው አስፈልጎናል። እሑድ ማስታወቂያው ላይ ስማቸውን ይጠሩ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። እርስዎ ያስታወሱን ግን ብርድ ልብሶቹ የሚመለሱበትን ቀን ነው።

ክቡር ሆይ፣ ጥር ገና አላለቀም፤ ሃምሳ ዘጠኝ ሰዎችም አሁን በዚያው መሐላ ታስረዋል። ከመካከላቸው ስንቱ ፕላስቲኩን አቅፎ እንደ ተቀመጠ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም። እሑድን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ወጥተው "አቆሽሹት" ይበሏቸው። እኛ እናጥበዋለን።

ሹራብዎ እንዳይሳሳ፣ ካፖርትዎም እንዳያረጅ ዘወትር የምትጸልይ፣ ለመርፌ እንጂ ለመዝገብ ያልታደለች ታዛዥዎ፣
ዘሪና ባርካት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቻቻ ፌሮዝን መሐላ ልፈጽምላቸው ብዬ ቁጥር አርባ አንድን ከዚህ ደብዳቤ ሥር ሰቅዬዋለሁ። ፕላስቲኩ አልተከፈተም፤ እድፍ ቢፈልጉም አያገኙበትም። እንደ አምናው ሁሉ እሑድ መሠዊያው ፊት ዘርግተው ያሳዩን። "የማን ነው?" ብለው ሲጠይቁ ግን ከኋላ የሚነሣ የለም።