የበሽተኛዋ ዘመድ

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት

ይድረስ ለባለቤቴ እናት።

እንደምን ሰነበቱ፣ እናቴ? ዓይንዎ እንዴት ሆነ? ጉልበትዎስ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይመለሳል? ዝናቡ በእናንተ በኩል ከፍቶ ነበር ሲሉ ሰምቼ ስለ ቤትዎ ጣሪያ ሳስብ ነው የከረምኩት። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ። የልጅዎን የአየነውን መቃብር እየሄድኩ እጠርጋለሁ፤ ሣር አልዋጠውም።

ከእናንተ ዘንድ የመጣው ባንታምላክ መልእክትዎን አድርሶኛል። ሰው እንዳይሰማ አዘውት ኖሮ፣ ከገበያው ግርግር ለይቶ ወስዶ ነው የነገረኝ። “የአየነው ታናሽ፣ እናትነሽ ስትሞት አጠገቧ ሰው ነበር ወይ? ይህን ሳላውቅ አልሙት” ብለዋል አለኝ። ያኔ በሰው እጅ ያጻፍኩልዎ ደብዳቤ፣ ልጅዎን ንዳድ በአንድ ቀን እንደወሰዳትና እኔም ከአየነው ጋር አረም ላይ እንደነበርኩ ይላል። አሁን ፊደሉን ከልጆች መማሪያና ከአንድ አሮጌ ዳዊት ለቅሜ ለምጄዋለሁ፤ ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። እርስዎ ዘንድ ግን የሚያነብልዎ ሌላ ሰው ነውና ቃሌን ቆጥቤአለሁ። የምጽፍልዎ ስለ ሥራዬ ነው። እርስዎ ደህና አድርገው ያዳምጡ።

ካርቱም በጦርነት ከተጎዳች ወዲህ ብዙ ሐኪሞች ወደዚህ ሸሽተዋል። ከእነሱ አንዷ፣ ዶክተር ሲሃም የምትባል፣ በተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ ለገጠር የሚላኩ ነርሶችንና አዋላጆችን ታሠለጥናለች። ገሚሶቹ ከትግራይ ሸሽተው በካምፕ የሚኖሩ፣ ገሚሶቹ የዚሁ አገር ልጆች ናቸው። ሲጨርሱ ወደ ወድ ኤል ሒለው፣ መንደር 8 ወደሚባለው ሰፈር፣ ከዚያም አልፎ በክረምት መንገድ ወደሚጠፋበት እርሻ ይበተናሉ። እኔ ክፍሎቹን እጠርግ ነበር።

ዶክተሯ ጥናትም አላት። አንዱን ወገን በፕላስቲክ ሴት፣ ሌላውን ወገን በሕያው ሰው ታስተምርና የትኛው ገጠር ሲገባ ሰው እንደሚያድን ትከታተላለች። አንድ ቀን ጠርታኝ፣ ትብለጽ የምትባለው ሠልጣኝ እያስተረጎመች፣ “ከፕላስቲኳ የተማረ ሰው ደም ማቆም ይችላል፤ ፕላስቲኳ ግን ዘመድ የላትም፣ አትደብቅም፣ አታፍርም። ኻልቲ፣ እርስዎ በሽተኛ ይሁኑልን” አለችኝ። ኻልቲ ማለት በዚህ አገር አክስቴ ማለት ነው።

ታሪኩን እኔ አልመረጥኩም። ዶክተሯ በየእርሻው ዞራ፣ ሴት የሞተችባቸውን ቤተሰቦች ጠይቃ ያወጣችው ነው። አንዲት ልጅ ሰሊጥ አረም ላይ ናት። ባል የላትም። ፅንስ ወርዶባት ደም ይፈሳታል፤ ከአንዲት ዘመዷ በቀር የሚያውቅ የለም። ይህ ሲነበብልኝ መጥረጊያዬን ፈለግሁት፤ ለካ በእጄ ይዤዋለሁ።

ከርከዴ በሚሉት ቀይ የአበባ ሻይ የራሰ ጨርቅ ከሥሬ አነጠፉ። ስኳር አልገባበትም፤ ዝንቡ ግን ወዲያው መጣ። ወረቀቱ ላይ የበሽተኛዋ ስም ዘይነብ ነው። ክብርኣብ የሚባለው ቀልደኛ ልጅ ጎንበስ ብሎ “ስምሽ ማን ነው?” ሲለኝ “እናትነሽ” አልኩት። ልመልሰው ብል አልተመለሰም። ጆሮዬ ውስጥ ውኃ ይፈሳል አልኩት። ፀሐይዋን ምን ሸፈናት አልኩት። ዶክተሯ ወረቀቷን አገላብጣ፣ “ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው በእውነት እንዲህ ይላል፤ ይህን ማን ነገራቸው?” ብላ ትብለጽን ጠየቀቻት። ማንም አልነገረኝም።

ልጆቹ ሲዘገዩ ዓይኔን እከድናለሁ፤ ሞትኩ ማለት ነው። ክብርኣብ ሲወጣ “እትዬ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ገደልንዎ?” ይለኛል። ሁለቴ እለዋለሁ። “እያሻሻልን ነው፤ ነገ አንዴ ብቻ” ይላል። እስቃለሁ። ቤቴ ገብቼ ግን በዚህ በገዳሪፍ ሙቀት እግሬ አልሞቅ ይለኛል።

አንድ ቀን ፅናት የምትባለው፣ ብዙ የማትናገር ልጅ፣ የደም ግፊቴን ለካችና ፊቷን ወደ መለኪያው አስጠጋች። ደግማ ለካች። ከዚያ ዶክተሯን ጠራች። መለኪያው ተበላሽቶ ነው ብለው በክብርኣብ ክንድ ሞከሩት፤ ደህና ነው። ወደ እኔ ሲመለስ ይወርዳል። ጥፍሬ ነጥቷል። ዶክተሯ ራሷ ከአልጋው አወረደችኝ፤ እግሬ መሬት ሲነካ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። “ከእንግዲህ እዚህ አልጋ ላይ አይተኙም” አለች። “ለመጨረሻው ፈተና ትብለጽ ትተኛ። እርስዎ ዘመዷን ይሁኑ፤ የምትደብቀዋን። የእርሻ ሰው ነዎትና እንዴት እንደሚደበቅ ያውቁታል።”

እምቢ ልል ነበር። ግን ባንታምላክ ቃልዎን ያደረሰልኝ በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ እሺ አልኩ።

የፈተናው ቀን ክፍሉን ራኩባ፣ የእርሻ ዳስ፣ እንዲመስል በማሽላ አገዳ ሸፈኑት። ቀትር ነበር። ወንዶቹ አረም ላይ ናቸው ተባለ። ትብለጽ ተኛች። ክብርኣብ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዞ፣ በአፉ እያጓራ መጣ፤ ውኃ የሚያመላልሰው ትራክተር መሆኑ ነው። በክረምት ከእርሻ ወደ ከተማ የሚወጣ ከሱ ሌላ እንደሌለ እርስዎም ያውቃሉ። ልጆቹ ሁሉ ይስቃሉ። ፊት ለፊቴ አቁሞ “ኩሉ ታማም?” አለኝ፤ ሁሉ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው።

ልናገር ነበር፣ እናቴ። እሺ ያልኩት ለዚያ ነው። አፌን ስከፍት ግን “ታማም” አልኩ። “ትንሽ ንዳድ ነው። ተኝታለች፤ አትቀስቅሷት።” ይህ ወረቀቱ ላይ የለም። ሳቁ ቆመ።

ክብርኣብ ክዳኑን አዞረ። ያን ጊዜ ከኋላዬ “እታለም፣ ትራክተሩ ሄደ እንዴ?” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

እታለም እያለ የሚጠራኝ በዚህ ዓለም አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። የትብለጽ አማርኛ የትግርኛ ለዛ አለው። ያ ድምፅ የአገራችን የመተማ ልጅ ድምፅ ነው። ዞሬ እንዳላይ አንገቴ ደረቀ። ኋላ ስጠይቃት፣ “ውኃ ነው ያልኩት፤ ሌላ ምንም አልተናገርኩም። ምነው እትዬ?” አለችኝ። ሌሎቹም የሰሙት ውኃ ስትል ነው።

ፅናት ገባች። እኔን አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። የተኛችዋን እግር ዳሰሰች፣ ጨርቁን ገለጠች፣ ከዚያ ሾፌሩን “ቁም፤ ታማም አይደለም” አለችው። እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ በሩን ይዣለሁ። እንዲህ አድርጊ ያለኝ የለም። ክብርኣብ ጠጋ ብሎ “እትዬ፣ ፈተናው አልቋል እኮ፤ ያሳልፉን” አለኝ በቀስታ። እሰማዋለሁ፤ እጄ ግን አይወርድም። ፅናት መጥታ ክንዴን ያዘችና እንደ በር ሳንቃ ገፍታ ከፈተችኝ። ልጅቱን ተሸክመው ወደ ፀሐዩ ወጡ። ሲሮጡ ይሰማኛል። ወዲያው ጭብጨባ ሆነ።

ዶክተሯ ተመልሳ አቀፈችኝ። “እንዲህ ያለች ዘመድ በየእርሻው አለች፤ እርስዎ ግን እንዴት አድርገው አስመሰሉት?” አለችኝ። ከእንግዲህ ዘመድ ደህና ናት ሲል፣ በሽተኛዋን በዓይናቸው ሳያዩ እንዳይመለሱ ሠልጣኞቿን ሁሉ ልታስተምር ነው። በጥናቷም ይገባል። እኔ አሁንም ያን ክፍል እጠርጋለሁ። አገዳው ተነሥቷል፤ በሩ ባዶ ነው። እዚያ ስደርስ ግን አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የቆመ ይመስለኝና ጎኔን አጥብቤ አልፋለሁ።

እንግዲህ የጠየቁኝን ልመልስ። ሰው ነበር፣ እናቴ። ልጅዎ ብቻዋን አልሞተችም። ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሯን በውኃ እያራሰ እስከ መጨረሻው የያዛት ሰው ነበር። ስሟ በሰው አፍ እንዳይገባ ብሎ ነበር ታማም ያለው። ከዚህ በላይ በሌላ ሰው አንደበት እንዲሰሙት አልፈቅድም።

ፅናት ትናንት ወደ ወድ ኤል ሒለው ሄደች። ስትሰናበተኝ “እትዬ፣ የዚያን ቀን ክንድዎን አሳመምኩዎ?” አለችኝ። አላሳመምሽኝም አልኳት። ምነው ቀደም ብለሽ በመጣሽ ልላት ነበር፤ ያኔ ግን እሷም ገና አልተወለደችም።

ዓይንዎን ያብራልዎ። የቀረው ዘመንዎ ሕመም የሌለበት ይሁን፤ እንቅልፍዎንም የሰላም ያድርግልዎ። ይህን ሰምተው ዝም ቢሉኝ አልቀየምም። በባንታምላክ አንድ ቃል ከላኩብኝ ደግሞ ክፉም ቢሆን እቀበላለሁ።

ልጅዎ ብዬ ልፈርም ጀምሬ እጄ ቆመ።

የልጅዎ ሚስት