ሳትጠይቅ ትሰርዝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ላፕቶፑ ደረሰ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሶዶ ድረስ በሰው እጅ ልኮልኝ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ከሥራ ስመለስ አቶ ዱባለ ተቀብለው አስቀምጠውልኛል። የቤት አከራዬ ናቸው፤ ግን አንድ ቀን አከራይ ሆነውብኝ አያውቁም። "አዲስ ነው፣ ጠብቀው" አሉኝ። አፋቸውን የፈቱት በወላይትኛ ነው፤ አማርኛ ሲያወሩ እኔን ሴቷንም "አንተ" ይሉኛል፣ ይኸው ሦስት ዓመት። ለምጄዋለሁ። እንዲያውም ደስ ይለኛል።

ጠብቀው… ልክ ናቸው። አሮጌውን አልጠበቅኩትም። ከፎቶ ኮፒ ቤት በመጣ ፍላሽ ቫይረስ ገባበትና የመመረቂያ ጽሑፌን ይዞ ሄደ። ዲምቱ ተመላልሼ ከገበሬዎች የሰበሰብኩት መረጃ በሙሉ። እንደገና ዲምቱ ወረድኩ፣ እንደገና ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩ። አንዲት እናት "ባለፈው የነገርኩሽን የት ጣልሽው?" አሉኝ። ምን ልበል? አሁን ጽሑፉ አልቆ ሊገባ ነው። ሁለተኛ አልሸወድም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አንቲቫይረስ የቱ ይሻላል? የጠየቅኩት ሁሉ መልስ አለው። የየራሱ።

ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው መስከረም "ነጻውን ከኢንተርኔት አውርጂ" አለችኝ። የእሷን ኮምፒውተር አይቻለሁ፤ በከፈተችው ቁጥር ማስታወቂያ ፊቷ ላይ ይደቀናል። ምክሯ ይቅርብኝ። የሚከፈልበትን እንዳልገዛ፣ ክፍያው በውጭ ካርድ ነው። እኔ ካርዱን ከየት አምጥቼ…

ከቢሮ መልስ መናኸሪያው ጋ ሶፍትዌር የሚጭነው ቤኒ ዘንድ ጎራ አልኩ። "ክራክ የተደረገ፣ ሳትከፍዪ የሚሠራ አለኝ፣ የሚያክለው የለም" አለ። ከመጫኑ በፊት ግን የላፕቶፑን መከላከያ ማጥፋት አለብን። ለምን? "ካላጠፋነው ክራኩን ቫይረስ ነው ብሎ አያስገባውማ።" ዘበኛ ልቀጥር ብሄድ መጀመሪያ በርሽን ንቀይ ተባልኩ። አመስግኜ፣ ላፕቶፔን ታቅፌ ወጣሁ። ቤኒ አልተቀየመም። "ትመለሻለሽ" አለ እየሳቀ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ፋኑኤል መጣ፣ የቢሯችን አይቲ። ምስኪን፣ ቅዳሜውን ለእኔ ሰዋ። "አብሮት የመጣው መከላከያ ይበቃሻል። ዋናው አፕዴት ማድረግ ነው። ጽሑፍሽን ደግሞ ሌላ ቦታ ኮፒ አስቀምጪ" አለ። ለፍላሽ ብቻ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጨመረልኝ። ፍላሽ ሲሰካ ቀድማ ትፈትሻለች።

"ቫይረስ ስታገኝ ትጠይቅሽ ወይስ ዝም ብላ ትሰርዝ?"

ትሰርዝ አልኩ።

"መጠየቋ ይሻል ነበር…"

ትሰርዝ አልኩህ። ምልክቱንም በራሴ እጅ አደረግኩ። ሳትጠይቅ ትሰርዝ። ዛሬ እፎይ ብዬ እተኛለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

መስከረም ፍላሽ ይዛ መጣች፣ አንድ ደብዳቤ ለማየት። ላፕቶፔ ፍላሽ አያነብም አልኳት። ወዲያው አመነችኝ… እሱ ነው የከነከነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አቶ ዱባለ በሬን አንኳኩ። እጃቸው ላይ ፍላሽ፣ በመሐረብ ተጠቅልላ።

የባለቤታቸው የእማማ እልፍነሽ ሙት ዓመት በ30 ነው። ለዚያ ፎቶ ለማሳተም ፍላሿን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሰኳት ምንም የለም ይላቸዋል። ውስጧ ያለው የልጃቸው የህብረት ሠርግ ቪዲዮ ነው። እማማ እልፍነሽ ሲናገሩ የተቀረጸው እዚያ ላይ ብቻ ነው። የቀረጸው ሰው ከሶዶ ከለቀቀ ቆየ፤ እሱ ጋ የነበረውም ጠፍቷል። "የህብረት ልጅ አያቷን አታስታውስም። ድምጿን ትስማ ብዬ ነው" አሉኝ።

ፍላሽ አያነብም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እማማ እልፍነሽ ትዝ አሉኝ። ታይፎይድ የያዘኝ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋዬ ጠርዝ ተቀምጠው ሾርባ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት ብዬ? ሰካኋት።

ፕሮግራሟ ጮኸች። ቀይ። ተሰርዟል፣ ተሰርዟል… ፍላሿን ስከፍት ነጭ ገጽ ብቻ።

"ምን ይላል?" አሉ ከኋላዬ።

"ባዶ ናት… አባባ።"

መሐረቡን አጣጠፉ። "የኔ ጥፋት ነው። እዚያ ባልወሰድኳት" አሉ።

የእርስዎ አይደለም፣ ሰርዢ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ… አላልኩም። ፍላሿን "ምናልባት" ብለው ትተውልኝ ሄዱ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

እንዳላገኛቸው ማልጄ ወጣሁ። ፋኑኤል ለሥራ ገሱባ ነው፣ የሚመለሰው ዓርብ። ስደውልለት "ፍላሿ ላይ ምንም እንዳትጭኚ፣ እንዳትነኪያት" ብሎኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ስመለስ በሬ ላይ የተከደነ ሳህን። ቆጮ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር። የእሳቸው ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አልበላ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ነገርኳቸው። ጓሮ ነበሩ፣ የእንሰቱን ደረቅ ቅጠል እየቆረጡ።

"አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፕሮግራሟን ሳትጠይቂ ሰርዢ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ፋኑኤል ብትጠይቅሽ ይሻላል ብሎኝ ነበር።"

ቢላውን አስቀመጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ለምን ነገርከኝ? ባትነግረኝ አላውቅም።"

"ራስዎን ሲወቅሱ እያየሁ…"

ቢላውን መልሰው አነሱ። "እሷ ብትኖር መጀመሪያ ትቆጣህ ነበር። ከዚያ ታበላህ ነበር" አሉና ወደ እንሰታቸው ዞሩ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። የሚያለቅሱት እሳቸው መሆን ሲገባቸው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ፋኑኤል ከገሱባ መኪና ወርዶ በቀጥታ መጣ፣ ጫማው ጭቃ እንደሆነ። አቶ ዱባለንም ጠራኋቸው። የሚሆነውን አብረን እንየው ብዬ።

ፍላሿን ሰክቶ መጀመሪያ ያየው ምን ያህሏ እንደተያዘ ነው። "ባዶ ያልሽኝ ይቺን ነው? ልትሞላ ምንም አልቀራትም እኮ" አለ። አልገባኝም። አስረዳኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት የያዛት ቫይረስ ዋናውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው የውሸት ያስቀምጣል። ፕሮግራሟ የሰረዘችው የውሸቱን ነው። ዋናው እንደተደበቀ እዚያው አለ።

የተደበቀውን አሳይ የሚለውን ነካ። ፎልደሩ ብቅ አለ። "የህብረት ሠርግ።"

አቶ ዱባለ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፋኑኤል ሊከፍተው ሲል "አሁን አይደለም። በ30፣ ከሁሉም ጋር" አሉ። ሦስት ቦታ ኮፒ አደረግነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

የእማማ እልፍነሽ ሙት ዓመት። ግቢው ጢም ብሎ ሞልቷል። ድንኳኑ ውስጥ ላፕቶፔን ሰው መሀል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሕፃናቱ ዳጣ በነካው ጣታቸው ስክሪኑን ነካኩት። ይንኩት።

ወጡ፣ እማማ እልፍነሽ። ጭልፋ እንደያዙ ወደሚቀርጻቸው ሰው እየመጡ፣ እየተቆጡ። በወላይትኛ ነው፤ ሦስት ዓመት ኖሬ ይቺን ያህል እሰማለሁ። "አንተ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልበላህም። ይኼን አስቀምጥና ብላ። እኔ የት እሄዳለሁ? በኋላ ታነሳኛለህ።"

ሰው ሳቀ። ከዚያ ሰው አለቀሰ። የህብረት ልጅ ብቻ "ድገሙት" አለች። አራት ጊዜ ደገምነው።

መስከረምም መጥታ ነበር። የተሰካችውን ፍላሽ አይታ እኔን አየችኝ። "አያነብም አላልሽም?" ዋሽቼሽ ነው አልኳት፣ ነገ ፍላሽሽን አምጪ። ፕሮግራሟም ምልክቱ ተነስቶላታል፤ አሁን ሳትጠይቀኝ ምንም አትሰርዝም። "ገባኝ" አለች መስከረም። ትንሽ ኩርፊያ አላት፣ ይገባታል።

ሰው ሲበተን ላፕቶፑን ልዘጋጋ ጎንበስ አልኩ። ሽቦውን እየጠቀለልኩ አቶ ዱባለ ሳህን ይዘው መጡ።

"አስቀምጥና ብላ" አሉኝ።

አስቀምጬ በላሁ።